ከሰኞ ገበያ ወደ ዳገቱ የሚወጣው የእግር መንገድ

የደሴን አቀማመጥ ያየ ሰው ሁሉ እንደሚረዳው ከተማችን ሜዳ አልታደለችም። በምዕራብ ጦሳ ቆሞባታል፤ በምሥራቅ አዝዋ ገደል አለ፤ በመኻከላቸው ያለው ጠባብ ቦታ ቤቱንም፣ ገበያውንም፣ ትምህርት ቤቱንም፣ መኪናውንም ተሸክሞ ይኖራል። ስለዚህ በዚህ ከተማ አንድን ተማሪ «ውጣና ሩጥ» ማለት «ወደ ዳገቱ ውጣ» ወይም «ከመኪናው ጋር ተጋፋ» ማለት ነው። ሦስተኛ ምርጫ የለም። እኛ የምንመርጠው ዳገቱን ነው። ዛሬም በዚህች ጋዜጣ ላይ ልናነሣው የፈለግነው ነገር ከሰፈሮቻችን ጫፍ ተነሥቶ ወደ ባሕር ዛፉና ወደ ገጠሩ ስለሚወጣው የእግር መንገድ ነው። ይህ መንገድ ያለን ትልቁ የእስፖርት ሜዳ ነው ብለን እናምናለን። ሆኖም ባለቤት የለውም፤ ባለቤት የሌለው ነገር ደግሞ ቀስ በቀስ መጥፋቱ አይቀርም።

በመጀመሪያ ያለንን እንቁጠር። አንደኛው ጦሳ ነው። ከሰኞ ገበያም ሆነ ከሌላው ሰፈር የተነሣ ሰው ጥቂት እንደ ወጣ የከተማው ጩኸት ከበታቹ ይቀራል፤ እግሩ የሚያርፈው በወደቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ ነው። ዳገቱ ጨካኝ ነው። ጀማሪ በሩጫ አይወጣውም፤ በፈጣን እርምጃ ወጥቶ ለጥ ባለው ቦታ ላይ ይሮጣል። ሁለተኛው ገራዶ ነው። እዚያ ማሳ አለ፤ ጠፍጣፋ የእርሻ ዳር መንገድ አለ። ነገር ግን በክረምት ጭቃው ጫማን ያስቀራል፤ ስለዚህ የገራዶ ወራት ከመኸር እስከ በልግ መግቢያ ነው። ሦስተኛው በስተ ሰሜን ያለው ቦሩ ሜዳ ነው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ይህ ሜዳ በታሪክ መጽሐፍ ብቻ የምናውቀው ስም መሆን የለበትም። ሰፊ፣ ቀዝቃዛና ነፋሻ ነው፤ ረጅም ሩጫ ለሚፈልግ ሰው እንዲህ ያለ ቦታ በአካባቢው ብዙ አይገኝም። አራተኛው ኮምቦልቻ ነው። እዚያ ያሉት ጓደኞቻችን እኛ የሌለንን ሜዳ በቦርከና ዳር አግኝተዋል፤ ከበላያቸውም የየጎፍ ደን አለ። በደቡብ ወሎ ጥዱና ወይራው ከተረፈባቸው ጥቂት የተፈጥሮ ደኖች አንዱ ይኸው የጎፍ ነው።

እነዚህን አራት ቦታዎች አንድ ላይ ሲያዩአቸው ሌላ ነገር ይገለጣል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ናት። በደሴ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ በኮምቦልቻ ደግሞ ከአምስት አራት እጅ ይሆናል። በመኻከላቸው ያለው መንገድ፣ ሐረጎን ዞሮ ሲወርድ፣ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ሌቪንና ስትሬይ ጋንደርሰን፣ በ39 ሯጮች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳትመው ነበር። አንዱ ቡድን 2,500 ሜትር ላይ እየኖረ ልምምዱን 1,250 ሜትር ላይ ወርዶ አደረገ። ከሦስቱ ቡድኖች የ5,000 ሜትር ሰዓቱን ያሻሻለው ይህ ቡድን ብቻ ነበር፤ ያሻሻለውም በአማካይ በ13 ሰከንድ ያህል ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ከፍታው ደሙን ያበለጽጋል፤ ዝቅ ያለው ቦታ ደግሞ እግሩ በፍጥነት እንዲሠራ ይፈቅድለታል። ከዚያ ወዲህ በሀብታም አገሮች ያሉ ሯጮች የሚተኙበትን ድንኳን አየሩን እያሳነሱ ከፍታን በገንዘብ ይገዛሉ።

በእኛና በኮምቦልቻ መኻከል ያለው ልዩነት በጥናቱ ከነበረው ግማሽ ያህል ነው። የተፈተኑትም ሰዎች ቆላ የኖሩ ነበሩ፤ ስለዚህ በደጋ ተወልዶ ባደገ ወጣት ላይ ውጤቱ ያው ልክ ይሆናል አንልም። ነገር ግን በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር፣ አንዱ ግቢ ከላይ፣ ሌላው ከታች ሆኖ፣ በታክሲ ዋጋ ብቻ የሚገናኙ ሁለት ከፍታዎች ያሉት የተማሪ ማኅበር በዓለም ላይ ስንት ይገኛል? የእስፖርት ሳይንስ መምህራኖቻችን ይህን ጥያቄ በእኛው እግር ላይ ሊመረምሩት ይችላሉ። ለጥናት የሚሆን ርእስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

አሁን «ለምን በአስፋልቱ አትሮጡም?» የሚለን ይኖራል። በአስፋልቱ ላይ የማንሮጥበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚያልፈው የጭነት መኪና ሁሉ የሚያልፈው በዚሁ ጠባብ መንገድ ነው፤ በሐረጎ መታጠፊያ ላይ ሯጩም ሾፌሩም አይተያዩም። ሁለተኛ፣ ቁልቁለት በአስፋልት ላይ ጉልበትን ይጎዳል። ጡንቻ እየተሳበ ክብደትን ሲያቆም ሕመሙ በማግሥቱ ይመጣል፤ ከደሴ ኮምቦልቻ የሮጠ ሰው ረቡዕ ቀን ደረጃ ሲወርድ የሚያሳየውን አካሄድ ያየ ይመሰክራል። የጫካ መንገድ ግን እግርን ይቆጥባል። ሥሩን፣ ድንጋዩን፣ ቦዩን ለማለፍ እርምጃ ይለዋወጣል፤ አንድ ጅማት ብቻ አይለፋም፤ ዓይንና አእምሮም አብረው ይሠራሉ።

ይህን ያገኘነው እኛ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ስዊድናውያን በጫካቸው ውስጥ አንዴ በፍጥነት፣ አንዴ በዝግታ፣ እንደ ዛፉና እንደ ዳገቱ አቀማመጥ የሚሮጥበትን ዘዴ አወጡ፤ «ፋርትሌክ» አሉት፤ የፍጥነት ጨዋታ ማለት ነው። በሻምበልነት ማዕረግ የምናውቀውን የክብር ዘበኛውን አበበ ቢቂላን ያሠለጠኑት ኦኒ ኒስካነንም ስዊድናዊ ነበሩ። አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ በባዶ እግሩ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ በቶኪዮ በጫማ ሲያሸንፍ የዓለም ሕዝብ ያየው አስፋልቱን ነበር፤ ያ እግር የተሠራው ግን በአገራችን ዳገትና ኮረብታ ላይ ነው። ቀነኒሳ በቀለም እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2006 ድረስ ለ5 ተከታታይ ዓመታት አጭሩንም ረጅሙንም የዓለም የአገር አቋራጭ ሩጫ ያሸነፈው ሣርና ጭቃ እግሩን ስለሚያውቁት ነው። «አገር አቋራጭ» የሚለው ስም ራሱ ይናገራል። አገር የሚቋረጠው በእግር መንገድ ነው።

እዚህ ላይ ልንረሳው የማይገባን አንድ እውነት አለ። መንገዱን ያወጡት ሯጮች አይደሉም። ከጦሳ የሚወርደውን መንገድ የረገጡት የማገዶ እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ እናቶቻችን ናቸው። ወደ ሰኞ ገበያ የሚወስደውን መንገድ የረገጡት፣ ስሙ እንደሚመሰክረው፣ እህልና ዶሮ ይዘው፣ አህያ እየነዱ የመጡ ገበያተኞች ናቸው። ሕፃናት ወደ ትምህርት ቤት፣ እረኞች ወደ ግጦሽ፣ ምእመናን ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ መስጊድ የሄዱበት መንገድ ነው። እኛ በዚያ ላይ እንግዶች ነን። እንግዳ ደግሞ ወግ አለው።

ስለዚህ የሚሮጥ ተማሪ እንጨት የተሸከመች እናት ሲያይ ይቆማል፤ መንገዱን የሚለቀው እሱ ነው። በገበያ ቀን፣ ሰውና አህያ በሞላበት ሰዓት፣ በመኻል እየተጋፋ አይሮጥም። በማሳ ውስጥ አያቋርጥም፤ ገብስ ገና ቡቃያ ቢሆንም የሰው ዓመት ነው። ውሻ ቢጮህበት ድንጋይ አያነሣም፤ ይቆማል፤ ባለቤቱን ይጠራል። ሰላምታ ሳይሰጥ አያልፍም። ትንፋሽ ቢያጥረው እንኳ «እንደምን አደሩ አባባ» ለማለት የሚበቃ ትንፋሽ አይጠፋም። በገጠሩ የሚሮጥ ሰው ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ሌባ እያሳደደ ነው፣ ወይ ቤቱ እሳት ተነሥቷል። «ልጆቼ፣ ማን አባረራችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ሽማግሌ ቢያጋጥም ሊያስቀን አይገባም፤ ጥያቄው ትክክል ነው። ቆመን ብንመልስ ግን በሦስተኛው ሳምንት «አይዟችሁ፣ በርቱ» ይለናል፤ ወሎ ነውና «ቡና ሳትጠጡ አታልፉም» ማለቱም አይቀርም። የመንገዱ እውነተኛ ጠባቂ ይህ ሽማግሌ ነው፤ ወዳጅ ያደረገን ቀን መንገዱ ተከፈተልን ማለት ነው።

ታዲያ መንገዱን የሚዘጋው ምንድን ነው? አራት ነገሮችን እንጥቀስ።

የመጀመሪያው አጥር ነው። ከተማው ሲሰፋ ቤት ዳገት ይወጣል፤ ከቤቱ ጋር ቆርቆሮ ይወጣል። ቤት መሥራትን አንቃወምም፤ ሰው ማደሪያ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ለመኪና መንገድ በፕላን ላይ መሥመር ሲሰመርለት ለእግር የሚሰመርለት የለም፤ ስለዚህ አንድ ሰው አንድ ጠዋት አጥሩን ሁለት ክንድ ሲገፋ መቶ ዓመት የተሄደበት መንገድ ያለ ድምፅ ይሞታል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ሕዝብ ማለት እንጨት የምትሸከመውም እናት ናት። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 24 ቀን 1932 ኪንደር ስካውት በሚባል ተራራ ላይ ጥቂት መቶ ወጣት ሠራተኞች የባለ ርስቶችን ክልከላ ጥሰው በእግራቸው ወጡ፤ 5ቱ ወኅኒ ወረዱ። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1949፣ ይልቁንም በ2000፣ ሰው በገጠር በእግሩ የመሄድ መብቱ በሕግ ተጻፈ። እኛ ክልከላ ጥሰን እንውጣ አላልንም። የእኛ መንገድ ገና አልተከለከለም፤ ሳይከለከል በፊት ይጻፍልን ነው የምንለው።

ሁለተኛው ጎርፍና የመሬት መንሸራተት ነው። የደሴ ዳገቶች መንሸራተት የሚያጠቃቸው መሆኑን የጂኦሎጂ ሊቃውንት አጥንተው ጽፈዋል። ዛፉ ሲቆረጥ አፈሩ የሚይዘው ያጣል፤ የእግር መንገዱም የጎርፍ ቦይ ይሆናል። በየሳምንቱ በአንድ መንገድ የሚያልፍ ሯጭ አዲስ ስንጥቅ፣ አዲስ የተቆረጠ ጉቶ፣ አዲስ የፈረሰ እርከን ለማየት ማንም አይቀድመውም። ሩጫ እንግዲህ ለዳገቱም ጥበቃ ሊሆን ይችላል፤ ያየነውን የምንነግረው ሰው ካለ።

ሦስተኛው ፍርሃት ነው። በዚህ ላይ ነገር መሸፋፈን አያስፈልግም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፤ በኅዳር መጨረሻ ወጣ። ያን ዘመን ያለፈ ሰው ጫካን እንደ ቀድሞው አያይም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ ገጠሩን ከከተማው ይበልጥ አራራቀው። ስለዚህ ማንም ተማሪ ይህን ጽሑፍ አንብቦ ብቻውን ወደ ማያውቀው ደን እንዲሄድ አንመክርም። የዕለቱን ሁኔታ የአካባቢውን ሰው ሳይጠይቁ መውጣት ድፍረት ሳይሆን ስንፍና ነው። በጠዋት፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ ቢያንስ አራት ሆኖ፣ ከመጨረሻው ቤት ብዙ ሳይርቁ መሮጥ ይቻላል። በማይቻልበት ቀን ደግሞ አይሮጥም። ነገር ግን ፍርሃት ለዘለዓለም ካርታችንን ይሣልልን ካልን ከተማው እስር ቤት፣ ገጠሩ ባዕድ አገር ይሆናል። የገበሬው ልጅና ተማሪው ሰላም የሚባባሉበት ቦታ ከጠፋ፣ ሌላ የሚገናኙበት ቦታ የት ነው?

አራተኛው «ይህ ነገር ለእነ እገሌ ነው» የሚል አስተሳሰብ ነው። ሩጫ ለአትሌት፣ አትሌት ደግሞ ለገንዘብ ሆኗል። ከሁሉም የተጎዱት እኅቶቻችን ናቸው። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳልያ ስታገኝ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ ነበረች፤ ፋጡማ ሮባ በ1996 በአትላንታ ማራቶኑን አሸነፈች። በዚህች አገር ሴት ልጅ በሩጫ ዓለምን አስጨብጭባለች፤ በሰፈሯ መንገድ ላይ ግን ስትሮጥ ፉጨትና ነገር ይከተላታል። ይህን የሚያደርጉት የገጠር ሽማግሌዎች አይደሉም፤ በየመንገዱ ጥግ የሚቆሙ እንደ እኛው ያሉ ወጣቶች ናቸው። ነውሩ የእነሱ ሆኖ ሳለ ከመንገዱ የምትቀረው እሷ ናት። ስለዚህ የሩጫ ጓድ ሲቋቋም ሴቶች የሚመርጡት ሰዓት፣ ሴቶች የሚመርጡት መንገድና የሴቶች መሪ ይኑር። ቀሚስ ለብሳ፣ ሻሽ አስራ፣ ሂጃብ አድርጋ ለምትሮጥም መንገዱ መንገዷ ነው።

የሚነሡብንንም ተቃውሞዎች እናውቃቸዋለን። «በሽሮ ተሩጦ?» ይባላል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ለአዋቂ ሰው የመከረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ጠንከር ያለ ከሆነ ግማሹ ይበቃል። ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት ሦስት ቀን ማለት ነው። ይህን በሽሮ መሮጥ ይቻላል፤ አባቶቻችን በቆሎ ጠብሰው በልተው ከዚህ የሚበልጥ ሄደዋል። «ጫማስ?» ለሚለን ሸራ ጫማ ለጫካው ይበቃል፤ ኮንጎ ግን እግር ይልጣልና አይመከርም። «ፈተናስ?» ለሚለን፣ ከምሽት እስከ ሌሊት ደብተር ላይ ተደፍቶ ያንኑ ገጽ አምስት ጊዜ የሚያነብ ሰው፣ ከሮጠ በኋላ አንድ ጊዜ አንብቦ ሊገባው ይችል እንደ ሆነ ይሞክረው። የከበደው ተቃውሞ የመጨረሻው ነው፦ «ሮጠን መጥተን በምን ውሃ እንታጠብ?» የውሃ እጥረት ባለበት ከተማ ይህ ቀልድ አይደለም። አንድ ጀሪካን ማታውኑ ሞልቶ ማስቀመጥ የሯጭ የመጀመሪያ ልምምድ ነው ከማለት በቀር ለጊዜው መልስ የለንም። ይህን ለሚመለከታቸው ሁሉ እንተወዋለን።

እንግዲህ ለተማሪዎች ኅብረታችን ይህን እናቀርባለን።

1ኛ፣ በየግቢው የሩጫ ጓድ ይቋቋም። ፈጣኑና ዘገምተኛው በሁለት ምድብ ይከፈሉ፤ ማንም ወደ ኋላ ተጥሎ አይቀር፤ የመጨረሻው ሰው ሳይመለስ የፊተኛው ቁርስ አይበላ።

2ኛ፣ የጂኦግራፊ ተማሪዎች በአስተማሪዎቻቸው መሪነት ለደሴ ሁለት፣ ለኮምቦልቻ ሁለት መንገዶችን ለክተው ካርታ ያንሡ። አጭሩ 4፣ ረጅሙ 10 ኪሎ ሜትር ቢሆን በቂ ነው። ካርታው በዚህችው ጋዜጣ ይታተም፤ አንድ ቅጂ ለቀበሌው ይሰጥ። በወረቀት ላይ ያለ መንገድ በቀላሉ አይታጠርም።

3ኛ፣ መንገዱ በኖራ በተቀባ ድንጋይ ምልክት ይደረግበት። ይህ የሚሆነው ግን የየቦታው ገበሬዎችና ሽማግሌዎች ከተጠየቁና እሺ ካሉ በኋላ ብቻ ነው። «እዚህ አትለፉ» ያሉት ቦታ ይታለፍ።

4ኛ፣ የሩጫው ጓድ በየክረምቱ አንድ ቀን በመንገዱ ዳር አገር በቀል ችግኝ፣ ወይራና ጥድ፣ ይትከል፤ በየበጋውም ተመልሶ ውሃ ያጠጣ። መትከል ፎቶግራፍ ያስነሣል፤ የሚያበቅለው ግን ማጠጣቱ ነው።

5ኛ፣ ሰላም ሲፈቅድ በዓመት አንድ ጊዜ የደሴና የኮምቦልቻ ግቢዎች የአገር አቋራጭ ውድድር ያድርጉ፤ አንድ ዓመት ላይ፣ አንድ ዓመት ታች። በአዲስ አበባ ታላቁ ሩጫ በ1994 ዓ.ም. ሲጀመር ሕዝብ በጎዳና ላይ አብሮ መሮጥ እንደሚወድ አሳይቷል። የእኛ ግን በጎዳና አይሁን፤ በእግር መንገድ ይሁን። ሽልማቱም የወሎ ጋቢ ይሁን።

ከእነዚህ አምስቱ ሦስቱ ገንዘብ አይጠይቁም። አንዱ ኖራ፣ አንዱ ጋቢ ይጠይቃል። ስለዚህ «በጀት የለም» የሚል መልስ አንጠብቅም።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ይህን ነገር በችኮላ ጀምረን በችኮላ እንድንተወው አንፈልግም። በመጀመሪያው ሳምንት መቶ ሰው ወጥቶ በአራተኛው ሳምንት ሦስት ሰው ከሚቀር፣ ከመጀመሪያው አሥር ሰው ወጥቶ እስከ ክረምት አሥር ሆኖ ቢዘልቅ ይሻላል። እንቁላል በእግሩ የሚሄደው ቀስ በቀስ ነው፤ መንገድም የሚኖረው ሰው ስለሚሄድበት ብቻ ነው። ስማቸውን መስጠት የሚፈልጉ ወንድሞችና እኅቶች፣ መምህራንም ጭምር፣ ለኅብረቱ ጸሐፊ ይንገሩ። መምህራኖቻችን በዳገቱ ላይ ቢቀድሙን አንቀየምም፤ ወደ ኋላ ቢቀሩም ለፈተና ውጤት ብለን አንጠብቃቸውም።